ለአንድ ቁጥር የተተወ ቦታ

ውድ ኦታቪዮ፣

ካረፍክ ዛሬ አርባ ሦስት ቀን ሆነ። በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ ስልክ አንስቶ ካንተ ጋር መጨቃጨቅ ይቀለኝ ነበር። አሁን ግን የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ለእህትህ ለኒቬስ ሥራችንን ልታስረዳት የሞከርክበትን እሑድ አልረሳውም። ፓዶቫ፣ እናንተ ቤት፣ ምሳ ልንበላ ተቀምጠን።

"ኤሌክትሮንን ታውቂዋለሽ" አልካት። "ሙዮን ደግሞ ወፍራም ወንድሙ ነው። ሙዮን ሲሞት የቤተሰቡን ምልክት ሁልጊዜ ለሌላ ቅንጣት አውርሶ ነው። ምልክቱን እኛ ጣዕም እንለዋለን። የኔ ስሌት ግን ከስንት አንዴ ሳያወርስ ይሞታል ነው የሚለው፤ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ የብርሃን ጨረር ብቻ ትቶ። ያ ከታየ፣ የምናውቀው ቅንጣት ሁሉ እስከ ዛሬ ያላየነው ከባድ መንትያ አለው ማለት ነው።"

"ማነው የሚያየው ታዲያ?"

በማንኪያህ ወደ እኔ ጠቆምክ። "ይቺ የቧንቧ ሠራተኛ ናታ።"

ኒቬስ ሾርባውን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። "ሃያ ዓመት ሙሉ ጣዕም ጣዕም ትላላችሁ፤ ጨው እንደረሳሁ ግን አንዳችሁም አላወቃችሁም።"

በስተመጨረሻ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላን። አንተ እዚያ በእርሳስህ፣ እኔ እዚህ ስዊዘርላንድ፣ አሬ ወንዝ ዳር፣ የሙዮኖችን አሟሟት ከሚመዘግበው መሣሪያዬ ጋር። አንድ ጊዜ ባቡር ጣቢያ ልትሸኘኝ መጥተህ "ብትቀሪስ?" አልከኝ። የሰማሁህ በደንብ ነበር። ስለሚያፈሰው የማቀዝቀዣ ቱቦ ማውራት ጀመርኩ። አንተም ደግመህ አልጠየቅከኝም።

ደንባችንን ታውቀዋለህ፤ "ምስጢሩ ከጳጳስ ምርጫ ይብሳል" እያልክ ትስቅበት ነበር። ዋናው መረጃ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ተከፍቶም ቢሆን እስኪታወጅ ድረስ ለውጭ ሰው ትንፍሽ አይባልም። በግንቦት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሥራ ዘጠኝ ሆነን ተሰብስበን ከፈትነው። ቁልፉን የተጫነው ባልደረባዬ ሚትሱሩ ነበር። ምንም አልነበረም። ለሰባት ዓመት ከሰበሰብነው ሁሉ ያንተን ምልክት የመሰለ አንድም አልተገኘም። በእጃችን የቀረው፣ ከስንት ሙዮን አንዱ እንኳ እንዲያ እንደማይሞት የሚናገር ቁጥር ብቻ ነበር። ሚትሱሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና "መሣሪያው በደንብ ሠርቷል" አለ።

በማግስቱ ኒቬስ ደወለች። "ከሆስፒታል ወደ ቤት መልሰውታል። ሐኪሞቹ የሚያደርጉት አልቋል። ነይ።"

ሐሙስ ደረስኩ። አልጋህን ወደ መስኮቱ አዙረውልህ ነበር። እጅህ እንዲያ መክሳቱን እንዳላይ ዓይን ዓይንህን አየሁ።

"ከፈታችሁት?" አልከኝ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳትቀበል።

"ገና ነው።"

"ፊዮሬ፣ እኔ አሁን ለማን አወራለሁ? ለቄሱ?"

"ገና ነው አልኩህ። በመስከረም ይሆናል።"

"በመስከረም" አልክና ጣራውን አየህ። ቆይተህ "ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ" አልክ። "ትልቅ ይሁን ትንሽ ግድ የለኝም።"

"የለኝም፣ ኦታቪዮ።"

"እሺ። ድሮም የቧንቧ ሠራተኛ ቀጠሮ አያከብርም።"

ሳቅን። ከዚያ ኒቬስ ሾርባ አመጣች፤ ሁለት ማንኪያ ቀመስክ።

ኑዛዜዬ ይኸው ነው። ዝም ያልኩት ደንቡን ለማክበር አይደለም። አንድ ነገር አግኝተን ቢሆን ኖሮ ከባቡሩ ሳልወርድ ደውዬ እነግርህ ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ድካምህ በላይህ ሲፈርስ ማየት ፈራሁ። በተስፋ ይሙት አልኩ። ይህንንም ደግነት ብዬ ጠራሁት። ከዚያ ሐሙስ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ኒቬስ መስኮቱን ስትከፍት፣ አረፍክ።

ውጤቱ ባለፈው ወር ታወጀ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኒቬስ ወረቀቶችህን እንዳይ ጠራችኝ። ከላይ የነበረው በእጅህ የተጻፈ አሥራ አራት ገጽ ነው። ርዕሱ "ምንም ካልታየ" ይላል። ቀኑን አየሁት፤ በሚያዝያ የጀመርከው ነው፣ እኛ ሳንከፍተው። የራስህን ሦስት የድሮ ስሌቶች አንድ በአንድ በቀይ ሰርዘሃቸዋል። ከእነሱ ተርፎ የሚቆመውን ለይተህ፣ መንትዮቹ ቢያንስ ምን ያህል ከባድ መሆን እንዳለባቸው የሚያወጣውን ቀመር እስከ መጨረሻው አድርሰኸዋል። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ "የፊዮሬንዛ ቁጥር" ብለህ ጽፈህ ከጎኑ ባዶ ቦታ ትተሃል።

"እርሳሱን እስከ መጨረሻዋ ቀን ከትራሱ ሥር አላስነሳም" አለችኝ ኒቬስ። "'ፊዮሬ ቁጥሩን ስትልክልኝ እጨርሰዋለሁ' ይለኝ ነበር።"

ያን ሐሙስ ቁጥሩ በእጄ እንደነበረ ነገርኳት።

"እኔ አልቆጣሽም" አለች። "ይቅርታውን ግን ከኔ አትጠብቂ። የኔ አይደለም።"

ከማንም በላይ አውቅሃለሁ እል ነበር። እውነቱን መሸከም እንደምትችል ግን አላወቅኩም። አንተ የምትፈልገው ሥራህን መጨረስ ነበር፤ እኔ እንደ ሕፃን አባበልኩህ።

ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ቁጥሩን በባዶው ቦታ ጻፍኩት፤ በቀመርህም አስልቼ ጨረስኩት። መንትዮቹ ካሉ፣ ዛሬ ያለ መሣሪያ ሁሉ ከሚደርስበት በላይ ከባድ ናቸው። ለኅትመት የላክሁት በአንተ ስም ብቻ ነው።

ሥራው ሩብ ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ያን ሐሙስ አጠገብህ የተቀመጥኩት ሦስት ሰዓት ሙሉ ነበር።

ያንተው፣
ፊዮሬንዛ