«ቀስ በሉ» የተባለው ሳምንታዊ ደብዳቤ ጸሐፊ የነበሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እትዬ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጅ ነርሷ እናታችን፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት የዛሬ ስድሳ አራት ዓመት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ነው። በልጅነታቸው ቁጡ ነበሩ። በኋላ ያወቋቸው ሰዎች ይህን አያምኑም፤ በማስመሪያቸው የተመታ ሰው ግን አይረሳውም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በፋርማሲ በዲግሪ ተመረቁ። በሃያ አምስት ዓመታቸው ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። በሆስፒታል ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት የራሳቸውን መድኃኒት ቤት ከፈቱ። መስኮቱ ጠባብ፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። መድኃኒቱን ተቀብሎ ለመሮጥ የሚጣደፈውን ሁሉ «ቀስ በሉ፣ በቀን ስንቴ እንደሚሰጥ ንገሩኝና ትሄዳላችሁ» ስለሚሉ፣ «ቀስ በሉ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው።

ስለ መድኃኒት አወሳሰድ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ መመለስ ሲታክታቸው በየሳምንቱ ሰኞ ደብዳቤ በኢሜይል መላክ ጀመሩ፤ ስሙንም «ቀስ በሉ» አሉት። መጀመሪያ ዘመድ አዝማድ በይሉኝታ ተመዘገበ። ከዓመታት በኋላ ተመዝጋቢው በሺዎች ሆነ። ሰው እንዲሁ በዋዛ አላመናቸውም። የተመዝጋቢዎቹን አድራሻ እንዲሸጡላቸው ደጅ የጠኑ የመድኃኒት አስመጪዎችን በባዶ እጃቸው መልሰዋል። ለጻፈላቸው ሁሉ ራሳቸው መልስ ይሰጡ ነበር፤ የማያውቁትንም «አላውቅም» ይሉ ነበር። በደብዳቤያቸው ርዕስ ላይ «አስቸኳይ» የሚል ቃል ጽፈው አያውቁም። «አንዴ በከንቱ ያስደነገጥኩት ሰው ሁለተኛ አያምነኝም» ይሉ ነበር፤ እኛም በዚህ እንኮራባቸው ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስለ ሕፃናት ትኩሳት ሲጽፉ የማስታገሻውን ሽሮፕ መጠን በዚያው መድኃኒት ጠብታ ቦታ አስገቡት። ጠብታው ደግሞ ከሽሮፑ እጅግ የበረታ ነው። ስሕተቱን ያዩት በማግሥቱ ጠዋት፣ መደርደሪያ ሲያስተካክሉ ነው። ወዲያው እርማት ጻፉ፤ ርዕሱን ግን እንደ ልማዳቸው «በትናንቱ ደብዳቤ ላይ ትንሽ እርማት» አሉት። ባለቤታቸው «አስቸኳይ በይበት እንጂ!» ቢሏቸው፣ «ሰው ይደነግጣል» ብለው ላኩት። አንዲት ወጣት እናት የሰኞውን አንብባ ለሕፃን ልጇ ጠብታውን እየሰጠች ነበር። እርማቱ ትንሽ ነው ከተባለ ይቆያል ብላ ሳትከፍተው ቀረች፤ ልጅ የታመመባት እናት ለትንሽ ነገር ጊዜ የላትም። ሕፃኗ ጉበቷ ተጎድቶ ሆስፒታል ገባች፤ አልተረፈችም።

እናትየዋ ወደ መድኃኒት ቤቱ መጣች። አልጮኸችም። «እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው ሐኪም ቤት ያልወሰድኳት» ብላ ወጣች። እትዬ ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መስኮት አልቆሙም።

ጠበቃቸው ዝም እንዲሉ መከሯቸው፤ እኛም እግራቸው ላይ ወድቀን ለመንናቸው። እሳቸው ግን የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽጉ ለተመዝጋቢዎቻቸው ጻፉ። ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የሥራ ፈቃዳቸው ተነጠቀ፤ መድኃኒት ቤቱም ተዘጋ። ከተመዝጋቢዎቹ ብዙዎቹ ምዝገባቸውን ሰረዙ። የቀሩት ደግሞ «እውነቱን ስለነገሩን አሁን ይበልጥ እናምንዎታለን» ብለው ጻፉላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ በተጽናና ነበር። እትዬ ግን ያንን አንብበው፣ «አሁንም ሐኪም ቤት ሳይሄዱ ሊቀሩ ነው» አሉ። በመጨረሻው ደብዳቤያቸው ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት ውሰዱ፣ እኔን አትጠብቁ ብለው ጽፈው ሲያበቁ የሁሉንም አድራሻ አጠፉ። ዳግመኛ ምንም አልጻፉም።

ባደረባቸው የቆሽት ካንሰር ሲሠቃዩ ከቆዩ በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ በቤታቸው አረፉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ነርሷ መድኃኒት ስትሰጣቸው መጠኑን ጮክ ብላ እንድታነብ ያደርጉ ነበር። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ያመኗቸው ሺዎች ግን መሞታቸውን አያውቁም፤ የምንነግርበትም አድራሻ የለንም።

እናትየዋን በስማቸው ይቅርታ እንዳንጠይቅ ከልክለውናል፤ ይቅር በይኝ ማለት በሐዘኗ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው ብለው። ለእሳቸው ነፍስ ዕረፍት ከመለመናችንም በፊት ሕፃኗን እንድናስቀድም አደራ ብለውናል። ስለዚህ አስቀድመን፣ አሥር ወር ብቻ የኖረችውን ሕፃን ነፍስ ፈጣሪ በእቅፉ ያኑራት እንላለን። ቀጥሎም፣ እሱ ከፈቀደ፣ የእህታችንን ነፍስ ያሳርፍልን።