ደም ወደ እግር ሲወርድ

ጥር 3፣ ከጠዋቱ 3፡20
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም አልሆነልኝም። የምሠራው የኮምፒውተር ጌም አብራሪ የጠፈር መንኮራኩሯን በሙሉ ኃይል ወደ ላይ ትጠመዝዛለች። ሰውነቷ ስድስት እጥፍ ይከብዳል፣ ደሟ ከራሷ ወደ እግሯ ይወርዳል። የጫናው ሒሳብ ልክ ነው። ራሷን ስትስት ስክሪኑ ግን መብራት እንደጠፋ ድርግም ይላል፣ አለቀ። ውሸት! ዓይን እንዴት ነው የሚደክመው? አብሮኝ የሚሠራው ዮናስ ከባሕር ዳር ደወለ። ተይው፣ ተጫዋች አያስተውልም አለ። እኔ አስተውላለሁ።

ጥር 5፣ ከቀኑ 8፡00
ማንኩሳ፣ ቤተሰብ ዘንድ። አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ላፕቶፑን አይተው ጠየቁኝ፤ አስረዳኋቸው። እንደ ተማሪ አዳመጡ። ከዚያ ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «እንዲህ ባንዴ አይጨልምም፣ ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ ቀለም ይሄዳል። ቀዩ ጃንጥላ አመድ ይመስላል። ቀጥሎ ዳር ዳሩ ይጠፋል፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ድምፅ ግን ይቆያል። ሰዉ ሳይታይሽ ከበሮው ይሰማሻል።»
ደስ ብሎኝ ጻፍኩ፣ ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። አባባ፣ እርስዎ ይህን በምን አወቁ?
እማዬ ወዳለችበት ጓዳ ዞር ብለው አዩ።

ያው ቀን፣ 11፡30
ጓሮ ወስጄ ጠየቅኋቸው። ከመስከረም ጀምሮ ነው። ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል። አንዴ ማኅሌት ላይ መቋሚያቸው አተረፋቸው። አንዴ ወንዝ ዳር ብቻቸውን ወድቀዋል። መስከረም ላይ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ግፊቴ ጨምሮ ነው ብለው የግፊት ክኒናቸውን ከአንድ ወደ ሁለት አድርገዋል። በራሳቸው! ተቆጣሁ። አባቴን ተቆጥቼ አላውቅም። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ጥምቀት ደርሷል፣ ከማኅሌት ታስቀረኛለች አሉ። ቃል አልገባሁም። ላንቺ አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ፤ አለቀስኩ።

ጥር 7
ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል። እማዬን ከተማ ጉዳይ አለን አልናት። ዶክተሯ ወጣት ናት። ግፊታቸውን አስተኝታ ለካች፣ አቁማ ለካች። ሲቆሙ ግፊታቸው ወረደ። ልባቸው ደህና ነው፤ ተመስገን! ጥፋተኛው ሁለተኛው ክኒን ነው። ወደ አንድ ይመለሱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ቀስ ብለው ይነሱ አለች። ከመነሳትዎ በፊትም ባትና ጭንዎን ጠበቅ ያድርጉ አለቻቸው። ሳቄ መጣ። የጦር ጄት አብራሪዎችም ደማቸው ወደ እግር እንዳይወርድ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጌሙ ውስጥ ለብቻው ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ነገርኳቸው። እግራቸውን እያጠበቁ ተለማመዱ። «እንግዲያ እኔም ስበር ከርሜያለኋ» አሉ።

ጥር 9፣ ከጠዋቱ 4፡00
ማንኩሳ። ተሠራ! ቀለሙ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ዳሩ ይጠባል፣ መጨረሻ ላይ የመሬት ጣቢያው ድምፅ ብቻ ይቀራል። ዮናስ ሞክሮት ደወለ። ወንበሬን አጥብቄ ይዤ ነበር አለኝ። ይህ በቃኝ።
አባባም ሞከሩት። ጆይስቲኩን፣ የመጫወቻ እጀታውን፣ ጨብጠው እስኪጨልም ጠበቁ። «ይኸው፣ ይኸው ነው» አሉ ቀስ ብለው። አራት ወር ሙሉ ብቻቸውን ያዩት ነገር። እጃቸውን ያዝኩ።
ከዚያ ስለ እማዬ። እኔ አልነግራትም፣ ነገሩ የእርስዎ ነው፤ ግን እሷ ሳታውቅ ማኅሌት አይቆሙም አልኩ። ጆይስቲኩን አስቀመጡ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ አንቺ ግን አጠገቤ ሁኚ አሉ።

ያው ቀን፣ 9፡15
እማዬ ከገበያ ገባች። ሁለታችንን እያፈራረቀች አየችን። ምን ሆናችኋል? አባባ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ነይ እስቲ፣ ጥሩዬ፣ እዚህ ተቀመጪ።» በስሟ ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም። ተቀመጠች። አባባ ጀመሩ፤ እኔም ብዕሬን ላስቀምጥ፣ አጠገባቸው ልሁን።