በአረቄ ቤቱ ላይ አልፈረምኩም

ተበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1948 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ለአስናቀች አባት፣ ለአቶ ኤርካሎ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ሳሉስ ተወህ? እኛ ጌታ ይመስገን ደኅና ነን። አስናቀች የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን መስላለች። ፊደሌ ከተንጋደደ አስተማሪዬን ውቀስ፤ አስተማሪዬ አንተ ነህ። ይህን ደብዳቤ ከባሌ ቀድመህ የምታነበው የወህኒ ቤቱ ዘበኛም፣ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ነጋዴው እሸቴ ከሚያመጣው በሶና ዳጣ ብትቀምስ አልቀየምህም። ጋቢውን ግን ለባሌ ስጥልኝ፣ ደረቱን ያመዋል።

አሁን ሽማግሌያችን አቶ ጦና ሳይጽፉልህ ነገሩን ከእኔ ስማው። ከጸሎት ቤታችን አጥር ማዶ ያለውን የፈጠነችን አረቄ ቤት ታውቀዋለህ። አንተ ለወንጌል ከሄድክ ወዲህ ብሶባታል። መሰንቆ መቺ አምጥታ እሑድ ልክ ስብከት ሲጀመር ታስዘፍናለች። እኔን ባየች ቁጥር "የሚሲዮን ዶሮ" ትለኛለች። ሽማግሌዎቻችን መከሩና ምስለኔው ዘንድ ሄዱ። አዲሱ ምስለኔ ለእኛ ለአማኞች ደግ ናቸው። አረቄ ቤቱን በፖሊስ አስዘጋላችኋለሁ፣ ኤርካሎም እንዲፈታ እሱ ላለበት አገር ገዢ እጽፋለሁ አሏቸው። ሁለቱም ጉዳይ በአንድ ማመልከቻ ተጻፈ። የእስረኛው ሚስት ካልፈረመችበት ግን አይሄድም ተባለ።

የአስናቀች አባት፣ ስምህን ወረቀቱ ላይ አየሁት። እውነቴን ነው፣ ብዕሩን አንስቼ ነበር። ከዚያ አንተ የተያዝክበት ክስ ትዝ አለኝ። እሱም እኮ እንዲሁ ነው የተጻፈው። ጎረቤቶች ዝማሬው ረበሸን ብለው ፈረሙ፣ ሹም ማኅተም መታበት፣ ፖሊስ በሩን ገንጥሎ ገባ። አንተው ነህ የጻፍክልኝ።

"ሁለቱን ለያይታችሁ ጻፉልኝ" አልኳቸው።

"ምስለኔው አንድ ላይ ነው ያሉት፣ ልጄ" አሉ አቶ ጦና። "ደግሞስ አረቄ ኃጢአት አይደለም ወይ?"

"ኃጢአት ነው።"

"ታዲያ ምንድነው የምትይው?"

"ጌታ እኔ ዘንድ ሲመጣ አንኳኩቶ ቆመ እንጂ ፖሊስ ይዞ አልገባም። አረቄ የተውኩት ከከፈትኩለት በኋላ ነው። ፈጠነች በፖሊስ ብትተው የምትፈራው ፖሊስን ነው፣ እሱን አይደለም።"

"ሹም ታዲያ ምን ሊሠራ ተሾመ?"

"ሌባና ገዳይ ይያዝልን። የሰው ጸሎትና የሰው ጓዳ ግን የሹም ነው ያለው ማነው? ዛሬ እሷ ላይ ሥልጣን ብንሰጠው፣ ነገ ሌላ ሹም ይመጣና በዚያው ሥልጣን የእኛን በር ይዘጋል።"

ተቆጡ። "ባልሽን በገዛ እጅሽ አሰርሽው!" ብለውኝ ወጡ። እሳቸው እንደወጡ በጣም አለቀስኩ።

የጸሎት ቤታችንን ጣሪያ ስንከድን ታስታውሳለህ? ማንም ማንንም አላዘዘም። ሣር ያለው ሣር፣ ጉልበት ያለው ጉልበት አመጣ። ምንም ያላመጣውም ዛሬ ከዝናብ ይጠለልበታል፣ ማንም አይጠይቀውም። በግድ የተመታ አንድ ሚስማር ስለሌለበት ያንን ቤት እወደዋለሁ። አገርም እንደዚያ ቢሠራ ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ። ዘበኛ ወንድሜ፣ ይህቺን ለአለቃህ አታንብብለት።

ፈጠነች ወሬው ደርሷት ገበያ ላይ አገኘችኝ። ያመሰገነችኝ እንዳይመስልህ።

"አልፈረምሽም አሉ። እና ምን ይሁን፣ እግርሽን ልሳም?" አለችኝ።

"መሰንቆውን ብቻ ዝቅ አድርጊልን" አልኳት።

ሳቀችብኝ። ባለፈው እሑድ ጭራሽ ከበሮ ጨመረችበት። ያን ጊዜ እንኳ ያ ብዕር የት ሄደ አሰኝቶኛል፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ያንተን ጉዳይ ብቻ በራሴ እጅ ጽፌ ሶዶ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። የአውራጃው ገዢ ጸሐፊ ተቀበለኝና "ሌላ ጊዜ ተመለሺ" አለኝ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ያንኑ አለኝ። ገና እሄዳለሁ።

አንተ "ቀላል ነው" ያልከኝን ሳል እሸቴ ሳይደብቅ ነግሮኛል። ደም እንዳለው አውቃለሁ። አንድ ነገር ብትሆን አቶ ጦና የሚሉኝን ከእሳቸው በፊት ራሴን እለዋለሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው። ብትቀየመኝ ሳትሸሽግ ጻፍልኝ፤ ልክ ነሽ የምትለኝ ከሆነ ግን ቶሎ ጻፍልኝ፣ እዚህ የሚለኝ የለም።

ጌታ ደረትህን ያሙቅልህ፣ የሚጠብቁህን ሰዎች ልብ ያራራልህ፣ አስናቀች ሁለተኛ ጥርሷን ሳታበቅል ለቤትህ ያብቃህ። በራችን ሲንኳኳ አሁንም የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። አንዱ እሳት ሊጭር ነው፣ አንዷ ዶሮዋ ጠፍታባት ነው። እስካሁን አንተ አልሆንክም።

እስክትመጣ የማትሰለቸው ሚስትህ፣
ቦሼ