ከቀሚስ ጫፍ የተቆረጠ

ኅዳር 3
ሰባት ሱሪ አሳጠርኩ፣ ሁለት ዚፕ ቀየርኩ። ወገቤን ይዞኛል... ከመቀመጥ ብዛት ነው። ቤት ስገባ ደረጃው ላይ የገዛ ቀሚሴን ረግጬ ልወድቅ ነበር። ግራጫውን። የዛሬ ሦስት ዓመት ራሴ የሰፋሁት፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቆም። ጨርቁ ተስቦ ይሆናል።

ኅዳር 5
ሰማያዊውም መሬት ይጠርጋል። ሁለት ቀሚስ ባንድ ጊዜ ይሳባል? ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ልብስ በውሃ ሲያጥር እንጂ ሲረዝም አላየሁም።
በሩን ዘግቼ ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጣት አሳጠርኳቸው። ማንም አላየኝም።

ኅዳር 11
የሐኪም ቀጠሮ። ነርሷ ክብደቴን መዘነች።
"ቁመትዎስ?"
"አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት።"
የድሮውን። ጻፈችው። መለኪያው እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር፤ አንድ እርምጃ ብቻ።
ሐኪሙም ጠየቀኝ። "የሚያምዎት ነገር አለ?" "ምንም።"
ለምን ዋሸሁ? ጡቴን ከቆረጡኝ ወዲህ የሰጡኝን ወረቀት ሁሉ አንብቤአለሁ። ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ከመጠቅለያ ጋዜጣ ነው የለቀምኩት። ያንን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ ሄጄ "ወደ አጥንት ሊዛመት ይችላል" የሚለው ላይ ስደርስ አጠፍኩት። ካልጠየቅሁ የማይኖር መስሎኝ...

ኅዳር 12
ጅምር መጽሐፍ ስከፍት ቡናማ ቅዳጅ ወደቀ። ዕልባት ያደረግሁት። ከአማቴ ቀሚስ የተቆረጠ ነው።
ባሌ ከሞተ በኋላ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን። ያንን ቀሚስ ይዘው ይመጡ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ያደናቅፈኛል፣ አሳጥሪልኝ።" አሳጥራለሁ። በዓመቱ ያንኑ። "እማማ፣ እርስዎ ቀና ቢሉ እኮ አይጎተትም! ስንፍና ነው እንጂ!" ይስቃሉ። "መሬቷ ናፍቃኝ ነው፣ ምን ላድርግ።"
እውነቱን ልጻፈው። ጉብጠታቸው ያስጠላኝ ነበር። መንገድ አብሬያቸው ስሄድ ወደፊት እቀድም ነበር።
ለአራተኛ ጊዜ ባሳጠርኩ በወሩ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከአልጋ አልተነሱም።
ቅዳጆቹን ከየመጽሐፉ ፈልጌ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። አራት። እያንዳንዳቸው ሁለት ጣት። ስምንት ጣት ሰው ዓይኔ ሥር ሲያልቅ እኔ ዕልባት እቆርጥ ነበር።

ኅዳር 13
የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ኅዳር 19
የሱቁ ባለቤት፣ ምላሱ ስለማይምር "መቀስ" የምንለው፣ "እታለም፣ ያንን የጨርቅ ጣቃ አቀብይኝ" አለ። አነሳሁት። ጀርባዬ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ።
"ምነው፣ እንደ አሮጌ ወንበር ተንቋቋሽ!"
ማንም አልሳቀም። ፊቴን ሲያይ ድምፁ ወረደ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እታለም። ሂጂ።"
ሄድኩ። ግን ወደ ቤት።

ኅዳር 20
ተኝቻለሁ። ምራቴ ሻይ ይዛልኝ ገባች። ወንበሩ ላይ የነበሩትን ቀሚሶች ስታጥፍ እጇ ጫፋቸው ላይ ቆመ።
"እቴቴ፣ አዲስ ስፌት ነው። አሳጠሩት እንዴ?"
"አዎ።"
"ሁለቱንም? ለምን?"
ለምን... ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፌ ያልወጣ ቃል። እሷ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችው።
አለቀስኩ። ደግፋ አነሳችኝ፣ በሩ ላይ አቆመችኝ፣ መጽሐፍ አናቴ ላይ አስተኛች፣ በሜትሬ ለካች። አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት። ደግማ ለካች። "ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለች። አልተከራከርኩም።

ኅዳር 27
ውጤቱ መጣ። ካንሰሩ አልተመለሰም። ምራቴ እጄን ጨመቀችኝ... ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
"ኬሞው የወር አበባዎን ያለጊዜው አቆመው" አለ ሐኪሙ። "ያኔ አጥንት መሳሳት ይጀምራል። አሁን የሚውጡት ክኒን ደግሞ ያባብሰዋል። ሁለት የጀርባ አጥንቶች ተጨፍልቀዋል።"
"ይቃናሉ?"
"የወረደው አይመለስም። የቀረውን ለመያዝ እንሞክራለን።"
በየስድስት ወሩ መርፌ። ከባድ ነገር ማንሳት ቀረ።
ልወጣ ስል ጠየቅሁት። "አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸው በየዓመቱ ቢረዝምባቸው... ቀድሞ ቢታወቅ ይረዳ ነበር?"
"ሊረዳ ይችል ነበር" አለ። ስለ ማን እንደማወራ አልጠየቀኝም።

ታኅሣሥ 8
ለግማሽ ቀን ሥራ ገባሁ። መቀስ ወንበሬ ላይ ትራስ አድርጓል። "ለድመቷ ነው" አለኝ። ድመት የለንም።
አንዲት አሮጊት ጉርድ ይዘው መጡ። "አምና እዚሁ አሳጥሬው ነበር፣ ዛሬም ያደናቅፈኛል።" መቀስ ጠመኔውን አነሳ። እጁን ያዝኩት።
"እማማ፣ ቁመትዎን ተለክተው ያውቃሉ?"
"ምነው፣ ሬሳ ሣጥን ልትሰፊልኝ ነው?"
ሳቁ። ልክ እንደ አማቴ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ግድግዳው ላይ አቁሜ ለካሁ፣ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ጫፉን አልቆረጥኩትም፣ ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት።
"ይህን ወረቀት ለልጅዎ ይስጡ። ሐኪም ጋ ይውሰድዎት።"
"ልጅ የለኝም።"
ጀርባዬ ያመኛል። ሐሙስ የመጀመሪያው መርፌዬ ነው።
"እንግዲያው ሐሙስ" አልኳቸው። "ጠዋት እዚሁ በር ላይ ይጠብቁኝ። ቀስ ብለን እንሄዳለን። አልቀድምዎትም።"