ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰብሌ ይሄነው
ኩዌት

ሰብልዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያቺ አሠሪሽ ዛሬም ትጮህብሻለች ወይስ ለመድሻት? እኛ ፈጣሪ ይመስገንና አለን። እናትሽ ስንዴውን አሳጭዳ ጨርሳለች። ብርዱ ግን ዘንድሮ ጠንክሮብናል።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ዘሊካ ናት፤ የጎረቤታችን የሙሐሲን እህት። እረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው መመለሷ ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ አራት ጊዜ ሞክሬ፣ አራቱንም ጊዜ ስለ አዝመራው አውርቼ ዘግቻለሁ።

መኪና ልትገዢልኝ ስትነሺ፣ ደሴ ያለው ሻጭ ሁለት በስልክ አሳይቶሽ፣ «አባዬ፣ አንዷ ማንዋል ናት፣ አንዷ አውቶማቲክ፤ የቷን ልያዝልህ?» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ሦስቴም «ማንዋል» አልኩሽ። «አውቶማቲክ ለአስፋልት ነው፤ የእኛን ዳገት አይችለውም። ማርሹን በእጁ ያልቀየረ ሰው ደግሞ ነዳ አይባልም» ብዬ ተኮፈስኩብሽ። አንቺም ስቀሽ፣ «እሺ፣ ስመጣ አንተው ታስተምረኛለህ» አልሽ። በነጋታው እናትሽ ፊት ለፊቴ ቆመችና፣ «ይሄነው፣ ፍሪሲዮኑን በምንህ ልትረግጠው ነው?» አለችኝ።

እውነቱ ይኸውልሽ ልጄ። ግራ እግሬ የለም። ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ስኳሩ ያመጣው ቁስል ከጣቴ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ሐኪሞቹ ከጉልበቴ በታች ካልቆረጡት እንደማልተርፍ ነገሩኝ። አይሱዙውን የተውኩት ደክሞኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። በቪዲዮ ሁልጊዜ ተቀምጬ የምታገኚኝ፣ ከደረቴ በታች የማላሳይሽም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ፈርቼ ደበቅሁሽ። በኋላ ግን አፍሬ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ተራራ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ ልጁ መኪና ልግዛልህ ስትለው መንዳት አልችልም የሚል ቃል ከአፉ አልወጣ አለው።

አሁን ለመጻፍ ያስቻለኝን ነገር ልንገርሽ።

የወይዘሮ ሀዲያን ልጅ ሱሀይላን ታስታውሻታለሽ። ዱባይ የአሠሪዎቿን ልጆች ትምህርት ቤት ስታመላልስ ኖራ ዘንድሮ ተመልሳለች፤ አንዲት ነጭ አውቶማቲክ መኪናም ገዝታለች። ባለፈው ሳምንት እናቷን ወግዲ ልታደርስ ስትነሳ፣ «ጋሽ ይሄነው፣ መንገዱን እርስዎ ያውቁታል፤ አጠገቤ ይቀመጡልኝ» አለችኝ። ክራንቼን ይዤ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ለማየትም ጓጉቼ ነበር።

ቁልቁለቱ መሐል ስንደርስ ያ የማውቀው ሽታ መጣ፤ የጋለ ፍሬን ሽታ። በቀኛችን ገደሉ ነው፤ ታቹ አይታይም። ሱሀይላን አየኋት፤ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ እየሰመጠብኝ ነው» አለች።

«ማርሽ ቀንሺ!»

«የምቀንሰው ማርሽ የለኝማ! ራሷ ናት የምትቀይረው!»

ወይዘሮ ሀዲያ ከኋላ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ይላሉ። እኔ ወደ መቀየሪያዋ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊደልና ቁጥር ተደርድሮባታል።

«አሁን ያለሽበት ምንድን ነው?»

«ዲ።»

«ከሱ በታችስ?»

«ሁለት የሚል አለ፣ ኤል የሚልም አለ። ዱባይ ሜዳ ነው፤ ነክቼው አላውቅም።»

«ሁለት ላይ አድርጊያት፤ አይዞሽ!»

አደረገች። ሰብልዬ፣ ሞተሯ አጓራች፤ መኪናዋም ከኋላ በገመድ እንደተያዘች ሆና ረጋ አለች። ጥቂት ቆይተን ኤል ላይ አደረገችው። አሁንማ እንደ ሰው እርምጃ፣ ቀስ እያለች፣ ራሷን ይዛ ወረደች። አይሱዙውን አንደኛ ማርሽ ላይ አስገብቼ ጭነት ሳወርድ የምሰማው ድምፅ ነው የሰማሁት፤ ያንኑ! ግን ፍሪሲዮን የረገጠ ሰው የለም።

ሜዳማ ቦታ ደርሰን ድንጋይ አስደግፈን ቆምን፤ ፍሬኑ እስኪበርድ ብዙ ጠበቅን። ሱሀይላ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ክራንቼን ተደግፌ ቁልቁል አየሁ። ተራራ ከተራራ ጀርባ ሰማያዊ እየሆነ እስከ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ ስለነበር ለካ አገሩን አይቼው አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ገደል ጫፍ ላይ ማን እንደያዘኝ ሳስብ ሰውነቴን ወረረኝ።

ወይዘሮ ሀዲያን አድርሰን ስንመለስ ዳገቱ መጣ። አሁን ትቆማለች ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። አልቆመችም። ዳገቱ ሲጠና ራሷ ማርሽ ስትቀንስ፣ ሲላላ ስትጨምር ሰማኋት፤ ያውም እኔ በምቀይርበት ቦታ! እኔ በእጄና በእግሬ ስንት ማርሽ ሰብሬ የተማርኩትን አንዲት ብረት ታውቀዋለች። የሰው ልጅ ምን ዓይነት አእምሮ ቢሰጠው ነው? አንገቴን እያወዛወዝኩ መቀየሪያዋን አየኋት።

ሱሀይላ ሳቀችና፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የምትነዳው በቀኝ እግር ብቻ ነው» አለች።

በነጋታው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ወስዳኝ ከመሪው ኋላ አስቀመጠችኝ። ፍሬኑን ይዤ ዲ ላይ አደረግሁ። ታምኚኛለሽ? የሌለው እግሬ ፍሪሲዮን ፈለገ! ተረከዙም፣ ጣቶቹም፣ ሁሉም እንዳሉ ሆነው ተሰሙኝ። ከዚያ ቀኝ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳነሳው መሬቱ ከሥሬ መሄድ ጀመረ። ነዳጅ እንኳ ሳልሰጣት። ሰብልዬ፣ ሄድኩ እኮ! ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ሱሀይላ አጠገቤ ሆና «አብሽር ጋሼ፣ አብሽር» ትለኛለች፤ እኔ እንባዬ ሜዳውን ይጋርድብኛል።

ቅዳሜ ዕለት እናትሽን ይዘናት ሄድን። ከኋላ ተቀምጣ ነጠላዋን ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። በጭነት መኪና ዘመኔ ሁልጊዜ ቤት ትጠብቀኝ ነበር እንጂ እኔ ስነዳ አይታኝ አታውቅም። አንድ ዙር ጨረስን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለካ ስትነዳ እንዲህ ነህ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ግን ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

እንግዲህ አውቶማቲኳን ያዢልኝ። መንጃ ፈቃዴን በሚመለከት ጠይቄአለሁ፤ ሐኪም አይቶኝ እንደገና መፈተን አለብኝ። እስከዚያ ከሜዳው አልወጣም፤ አታስቢ። ሻጩም ፍሬኗን እንዲያስፈትሽ ንገሪው፤ ከዲ በታች ያሉት ማርሾች መሥራታቸውንም አረጋግጪ።

የሰማይ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ፤ የልፋትሽን ፍሬ በእጅሽ ያስጨብጥሽ። እናትሽ ጉንጯን አገላብጬ እስማለሁ በልልኝ ብላለች።

እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። ተቆጪ፤ ይገባሻል። ግን ከሩቅ አይሁን። ቤትሽ ገብተሽ፣ ፊቴ ቆመሽ፣ ልብሽ እስኪወጣልሽ ተቆጪኝ።

አባትሽ
ይሄነው ቢያድግልኝ