ቀይዋ ትንሽ መኪናና ቀኝ እጄ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሥዩም፣ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ሰነበትክልኝ ጋሼ? የኅዳር ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ጉልበትህ ዘንድሮም ጠዋት ጠዋት ይይዝሃል ወይስ የነገርኩህን ቅባት መቀባት ጀመርክ? እማዬ እንዴት ናት? ዓይኗስ? የኔአለምስ፣ ልጃችሁ ሮሃስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ከረመ? እህሉስ ደህና ገባ? እኔ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው እናንተን ለማጽናናት ብዬ አይደለም። እውነቴን ነው፤ እንዴት ደህና እንደሆንኩም አሁን እነግርሃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እሺ እሺ እላለሁ፣ ከዚያ ይዘጋል። ደብዳቤን ግን መሐል ላይ ገብተህ አታቋርጠውም። ስለዚህ አረፍ በልና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ባለፈው ስትደውል ሁለት ነገር ተናግረሃል። አንደኛውን ለእኔ ነው ያልከው፤ ለገና አይሱዙ ይዘህ እንደምትመጣ፣ ዕቃዬን ሸክፌ እንድጠብቅህና እህል መደብርህ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ አድርገህ እንደምታስቀምጠኝ። ሁለተኛውን ያልከው ስልኩ የተዘጋ መስሎህ ለሚስትህ ለየኔአለም ነው። "የሕፃን መጫወቻ መኪና ይዛ ትውላለች አሉ፤ እጇ ብቻ መሰለኝ፣ ለካ ጭንቅላቷንም መቷታል" አልካት። ሰምቼሃለሁ ጋሼ። ያኔ ስልኩን የዘጋሁት አምኜበት አይደለም። መልሴ ይኸው።

ከባጃጁ ልጀምር። እዚህ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር መታጠፊያው ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሲገለበጥ መስታወቱ የቀኝ መዳፌን እንደቀደደውና የሌባ ጣቴንና የመሐል ጣቴን ጅማት እንደቆረጠው ታውቃለህ። ሐኪሞቹ ሰፍተው ቀጠሉልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። የማታውቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ስለ እኔ ሥራ እስከ ዛሬም ለሰው "ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው" እያልክ ትናገራለህ እንጂ እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪሙ የሰውየውን አፍ ልክ ወስዶ ይልክልናል፤ እኔ በሰም ቀርጬ፣ አፍስሼ፣ ሞርጄ፣ ቀለሙን ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር አመሳስዬ እመልሳለሁ። ጣት የሌላት ጥርስ ሠሪ ድምፅ እንደሌለው ደብተራ ናት። ወደ ሥራ ስመለስ የጥርስ ቤታችን ባለቤት አቶ ፍስሐ መቀበያው ላይ አስቀመጠኝ፤ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሬ ላይ ኤልሳዕ የሚባል አዲስ ሠራተኛ ተቀምጦበት አገኘሁት። አንድ ቀን ልሞክር ብዬ የሰም መቅረጫዬን ባነሳው ከእጄ ሾልኮ ወደቀ። አቶ ፍስሐ ጎንበስ ብሎ አነሳልኝና "ግድ የለም ሥርጉት፣ እግዚአብሔር ሌላ በር ይከፍታል" አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ሳልሞት ሙሾ አወረደብኝ።

ሕክምና ላይ የሚጨበጥ የጎማ ኳስ ሰጥተውኝ ነበር። ስጨብጥ ስለቅ፣ ስጨብጥ ስለቅ ከረምኩ። ኳስ ደግሞ ወደቀ አልወደቀ ማንን ያሳስበዋል? ከዕለታት አንድ ቀን እዚሁ ሰፈሬ ዓዲ ሓቂ ከተኽለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር እስክሪብቶ ልገዛ ስገባ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ፀሐይ ያነጣው ካርቶን አየሁ። ላዩ ላይ እንደ እንቁራሪት ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት ቀይ የስፖርት መኪና ተሥላለች። ተኽለ ከክፉው የጦርነት ጊዜ በፊት ከሌላ ዕቃ ጋር ያመጣው ነው። ወላጆች እየገዙ ቤት ሲከፍቱት ውስጡ ብትንትን ያለ ፕላስቲክ ስለሚያገኙ "ተሰብሯል" እያሉ እየመለሱበት ተማሯል። ለካ ራስህ የምትገጣጥማት ኖራለች። "ወንድ ልጅ አለሽ እንዴ?" አለኝ። "የለኝም፤ ለራሴ ነው" አልኩት። አየኝ፣ እጄን አየ፣ ከዚያ አቧራውን አራግፎ ሰጠኝ።

መጫወቻ ናት ያልከው እዚህ ላይ ነው የተሳሳትከው። ቁርጥራጮቹ እንደ ወይን ዘለላ በዘንግ ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚመጡት፤ አንዳንዱ ከምስር አይበልጥም። እያንዳንዱን በስለት ትቆርጠዋለህ፣ የተቆረጠበትን በብርጭቆ ወረቀት ታሸዋለህ፣ በወረንጦ ይዘህ በመርፌ ጫፍ ማስቲሽ እየነካህ ታጣብቃለህ። የመጀመሪያው ሰሞን ጉድ ነው የሠራሁት። መሪውን ሰበርኩት፤ በሩ ላይ የጣቴ አሻራ ከነማስቲሹ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀምጬ ስሞክር ወረንጦው አሥር ጊዜ ሲያመልጠኝ ካርቶኑን ገፍቼ አለቀስኩ። ምን አስዋሸኝ? ቀስ ብዬ ሳየው ግን ጥፋቱ የግራ እጄ ነበር፤ ቀኜ ገና ስትሞክር ግራዬ እየቀደመች ትነጥቃታለች። እኔም ግራ እጄን ተቀመጥኩባት! ቃል በቃል፣ ታፋዬ ስር አድርጌ ተቀመጥኩባት። ከዚያ ወዲህ ቀኜ ብቻዋን ትሠራለች፤ ብትጥልም ራሷ ታነሳለች።

ሞተሩን የገጣጠምኩት እንዲህ ሆኜ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያልመጣውን ደግሞ ከራሴ ጨመርኩ። ከተቃጠለ ቻርጀር ገመድ ውስጥ ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ መዝዤ ሞተሩን እሳት ለሚያቀብሉት ካንዴላዎች ለእያንዳንዳቸው ዘረጋሁላቸው። ከስጦታ ጥብጣብ የወንበር ቀበቶ ቆረጥኩ። የዳሽቦርዱን ቁጥሮች በጥርስ ማቅለሚያ ብሩሽ ነካሁ። የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኑ፣ ሲዘጋ ማንም አያየውም፤ እኔ ግን እንዳለ አውቃለሁ።

ለቀለሙ ሓድነት ወዳለው ጋራዥ ሄድኩ፤ ጀላሉ የሚባል መኪና ቀቢ አለ። ገና ያልተቀባችውን የመኪናዋን ነጭ ቦዲ ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ጋራዡ በሙሉ ሥራ አቁሞ ሳቀ። "ሓፍተይ፣ ሞተሯ ይነሳል?" አለኝ አንዱ። "ከአንተ ቀድሞ ይነሳል" አልኩት። ጀላሉም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን ከአቧራ ራቅ ያለ ጥግ ሰጠኝ፣ ቀዩን በጥብጦ በትንሿ መርጫ አስያዘኝ። የመጀመሪያውን አበዛሁትና እንደ እንባ ወረደ። በቲነር አጥቦ "ድገሚ" አለኝ። "ቀጭን፤ ይድረቅ፤ ደግሞ ቀጭን። በአንዴ ልሸፍን ያለ ሰው ይፈስበታል" አለኝ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ጀላሉ ጎንበስ ብሎ አየና "ጽቡቕ" አለኝ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ጋሼ፣ ያቺን አንዲት ቃል በአንተ መደብር ቁልፍ አልለውጣትም።

ሊያልቅ ሲል የግራው ስፖኪዮ፣ የጎን መስታወቱ፣ ከወረንጦው ተስፈንጥሮ ጠፋ። ምንጣፉን አራገፍኩ፣ አልጋውን ገፋሁ፤ የለም። አንድ ጆሮ እንደሌላት ድመት ሆነችብኝ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ኤልሳዕን "ወንበሬን ላንድ አፍታ ልቀቅልኝ" አልኩት። ተነሳልኝ፤ መብራቱንም ወደ እኔ አዞረው። ከቀኙ ስፖኪዮ እያየሁ ግራውን በሰም ቀረጽኩት፣ በጥርስ ማቴሪያል አፈሰስኩት፣ ሞረድኩት። ከጨረስኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት፤ መቅረጫው አንድ ጊዜም አልወደቀም! ኤልሳዕ አጠገቤ ቆሞ ምሳውን ረስቶታል።

መኪናዋን ለአቶ ፍስሐ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየና በጣም ወደዳት። "መቀበያው ላይ እናስቀምጣት፤ ደንበኛ ትስባለች" አለ። "ለጌጥ አላመጣኋትም አቶ ፍስሐ። እጄን እንድታይ ነው ያመጣኋት። ሥራዬን መልስልኝ" አልኩት። "መጫወቻ ሌላ፣ የሰው አፍ ሌላ" አለኝ። አንተም እኮ ይህንኑ ነው ያልከው፤ ሳትተዋወቁ ተስማማችሁ። "እንግዲያው የሰው አፍ ስጠኝ" አልኩት።

ሰጠኝ። የሰጠኝ ግን ቤቱን ያቃተውን ነው። ረሒማ የምትባል ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ሴት የፊት ጥርሷን ካጣች ወዲህ የተሠራላት ሁሉ ቀለሙ አልመስል ብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ሴትየዋ በሻሿ አፏን ሸፍና ነው የምትገበያየው። የፊት ጥርስ ደግሞ አያስዋሽም፤ ዙሪያው ምስክር ነው። የእኔም የመጀመሪያው እንደ አዲስ ሲኒ ነጥቶ ወጣ። አቶ ፍስሐ "ይሁን፣ ይሄዳል" አለ። "አይሄድም" ብዬ ራሴ ሰበርኩት። ሁለተኛውን ጀላሉ እንዳስተማረኝ በቀጭን በቀጭኑ እየደረብኩ፣ ሥሩ ላይ ትንሽ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ግራጫ አድርጌ አወጣሁት። ሐኪሙ እኔው ፊት ከገጠመላት በኋላ ረሒማ መስታወቱን ይዛ ጥርሶቿን አንድ በአንድ አየች። በመጨረሻ "የትኛው ነው የእኔ ያልሆነው?" አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ አፏን ሙሉ ከፍታ ሳቀች።

አቶ ፍስሐ ግማሽ ቀን ወንበሩ ላይ፣ ግማሽ ቀን መቀበያው ላይ ሁኚ አለኝ። "ወይ ወንበሬን በሙሉ ወይ መልቀቂያዬን" አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና "ሕራይ" አለ። እሺ ማለቱ ነው። ይኸው አሁን በመስኮቴ አጠገብ ተቀምጬ እየሠራሁ ነው። ለኤልሳዕም ከጎኔ ሌላ ጠረጴዛ ገባለት፤ ተግባብተን እንሠራለን።

ያልዳነውን ዳነ አልልህም። የመሐል ጣቴ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ ብርድ ሲሆን ይደርቃል፤ ከበፊቱ እዘገያለሁ። ምናልባትም እስክሞት እንዲሁ ይሆናል። ቢሆንም በዘገምተኛ እጄ ራሴን ችዬ መሥራቱ፣ መደብርህ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ሁሉ ስንዴ ሲገዛ "አይ ምስኪን" እያለ ከሚያየኝ ይሻለኛል። እጅ መስጠት የሚሉት ነገር አለ፤ እኔ አልሰጥም። በዚያ በክፉው ዘመን፣ ስልክ ተቋርጦ ሙታ ይሆናል ብላችሁ ስታለቅሱ፣ ጎረቤቶቼ ከሌላቸው ላይ አካፍለው ያቆዩኝ በዚህ ከተማ ነው። ያኔ ያልወጣሁትን ዛሬ በሁለት ጣት ምክንያት አልወጣም።

ስለዚህ አይሱዙውን አትከራይ። የምጭነው ዕቃ የለኝም። መምጣት ከፈለግህ ግን ባዶ እጅህን በእንግድነት ና፤ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ አወጣሃለሁ፣ ጉልበትህ እምቢ ካለ ደግሞ በባጃጅ እንወጣለን። አዎ፣ ባጃጅ እሳፈራለሁ። የትንሿን መኪና ኮፈንም ከፍተህ ካንዴላዎቹን ታያለህ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጭንቅላቴ የፈለግኸውን ተናገር። እወድሃለሁ ጋሼ፤ አባታችን ካረፉ ወዲህ አባት ሆነህ እንዳሳደግኸኝ አልረሳም። ለዚህም ነው ዝም ብዬ እምቢ ከማለት ቁጭ ብዬ የጻፍኩልህ።

የኔአለምን ሳምልኝ፤ ያልካትን መስማቴን ስትነግራት እንዳትደነግጥ፣ እሷ ምንም አላለችም። ሮሃ መኪናዋን ላኪልኝ ብላለች አሉ፤ አልልክላትም በላት፤ ክረምት ላይ ትምጣና የራሷን ትሠራለች። ለእትዬ ብርቄና ለግቢው ሰው ሁሉ እንደየስማቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ። የእማዬን ጉልበት ስለ እኔ ሳምልኝ። ደብዳቤውን ስታነብላት "ማን ጻፈላት?" ብላ መጠየቋ አይቀርም። ወረቀቱን ዓይኗ ድረስ አስጠግተህ አሳያትና፣ ራሷ ናት፣ በቀኟ ነው የጻፈችው በላት።

እህትህ ሥርጉት

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ
የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ፳፻፲፰ ዓ.ም.