ትልቁን አምፕሊፋየር እንዳትሰካው

ክሊኦፈስ፣

ዛሬ ሚስ ኦዴሳ ቤት ለቨርሊን ብላችሁ ብሉዝ ልትጫወቱ ነው። ትንሿን አምፕሊፋየር በሩ ሥር አስቀምጬልሃለሁ፣ እሷን ይዘህ ሂድ።

"የአሮጊት ሬዲዮ" እያልክ እንደምትስቅባት አውቃለሁ። ቤቱ ግን ጠባብ ነው፣ አምስት ዋት ይበቃሃል። ድምጿን እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ ጊታርህ ታለቅስልሃለች። ትልቁ እዚያ ቤት ሲጮህ እንጂ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም።

ደግሞም እንዳትነካው።

ትናንት እዚያው ቨርሊን ጊታሯን ትልቁ ላይ ሰክታ፣ ከንፈሯ ማይኩን ሲነካ ኤሌክትሪክ ይዟት ስትወድቅ፣ ሁላችሁም "የኦዴሳ ማይክ ነው" አላችሁ። አንተማ ሴትዮዋን ሰደብካት።

ማይኩ አይደለም። አምና እዝዝ የሚለው ድምፅ ሲያስቸግረን፣ የትልቁን ስፒና ሦስተኛ እግር፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ በፒንሳ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ድምፁ ሲጠፋ "አንተ እኮ ጎበዝ ነህ!" ብለህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግከኝ። ምን እንዳደረግኩ አልጠየቅከኝም፤ እኔም አልነገርኩህም።

ሆስፒታል ሄጃለሁ። ቨርሊን እስካሁን አልነቃችም። እናቷ አጠገቧ ናት፣ ልነግራት ነው።

ሚስ ኦዴሳን ይቅርታ ጠይቃት።

የቨርሊን ወንድሞች እኔን ፍለጋ ከመጡ በሩን ክፈትላቸው። የት እንዳለሁም ንገራቸው።

ሃርላን